ወይን ያልገዙት የቤት እመቤቶች

አድማ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሥራ ማቆም ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገራችን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠራው ጠቅላላ አድማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በነሐሴ 2008 እዚሁ ጎንደር ሱቅ ተዘግቶ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ የዋለባቸው ቀናትም አይረሱም፤ ያ ግን የፖለቲካ እንጂ የሠራተኛ ጉዳይ አልነበረም። ገዢው ለሠራተኛ ብሎ እጁን የሰበሰበበትን ታሪክ ለማየት ራቅ ብለን መሄድ አለብን።

ጳጉሜን 3 ቀን 1957 ዓ.ም. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ዴላኖ በምትባል ከተማ ፊሊፒናውያን የወይን ለቃሚዎች ሥራ አቆሙ። ብዙም ሳይቆይ የሜክሲኮ ተወላጆች ተቀላቀሏቸው። የእርሻ ባለቤቶቹ ግን በምትካቸው ሌላ ለቃሚ አስገቡ። የ1927ቱ የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበር ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ስለማያካትት፣ ለቃሚዎቹ በዚያ ሕግ መከራከር አልቻሉም። ስለዚህ ወደ ገበያው ዞሩ። የማኅበሩ መሥራች ከሆኑት አንዷ፣ የአሥራ አንድ ልጆች እናት ዶሎሬስ ሁዌርታ፣ ኒውዮርክ ድረስ ሄዳ ሰዉ ወይን እንዳይገዛ ቀሰቀሰች። ዘንቢል ይዛ ገበያ የምትወጣው ሴት ወይኑን አይታ ማለፍ ጀመረች። ሐምሌ 22 ቀን 1962 ዓ.ም. የዴላኖ ባለ እርሻዎች ከማኅበሩ ጋር ተፈራረሙ። አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ የአንድ ሰሞን ሆይ ሆይታ አልነበረም።

እኔን የሚያሳስበኝ የነገሩ ሌላ ገጽ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር ተጽፏል። ታዲያ የውጭ ሸማች ልብሱን አልገዛም ቢል ይጠቅማቸዋል? አሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት አገራችንን ከአጎዋ ከጥር 2022፣ በእኛ ታኅሣሥ 2014፣ ጀምሮ ስታስወጣ እንጀራቸው የተነካው እነዚሁ ልጆች ናቸው። ያ የሸማች አድማ አልነበረም፣ ማንም ግን አላማከራቸውም። በዴላኖ «አትግዙ» ያሉት ለቃሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛዋ ሳትጠይቅ ስለ እሷ ብሎ አለመግዛት፣ በእኔ እይታ፣ ድፍረት ነው።

በእኛ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የቤት ሠራተኛዋን ግን ይኸው አዋጅ ለሌላ ደንብ ትቷታል፤ እንደ ዴላኖ ለቃሚዎች መሆኑ ነው። የእሷ ቀጣሪ ደግሞ ፋብሪካ አይደለም፤ ከማኅበራችን አባላት መካከልም አለች። የሚመጣው ስብሰባ አጀንዳ ገና አልተዘጋምና፣ በየቤታችን ስለምናሠራቸው ልጆች የደመወዝና የዕረፍት ቀን ጉዳይ አንድ መስመር ይጨመርበት።