እናቴ ጋ ተመለስኩ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የድሮ ተማሪዬ እቤት ድረስ መጣች። የድሮ ተማሪ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የሠርግ ጥሪ ይዞ ነው፣ ወይ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ። እሷ ግን እጇ ባዶ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ስለ ብርዱ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ዘይት ዋጋ ስናወራ ቆየን። ከዚያ ስኒዋን እያዞረች፣ «መምህር፣ እኔ እኮ እናቴ ጋ ተመለስኩ» አለችኝ።

ዕድሜዋ ሠላሳ ሁለት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አግኝታ፣ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጥራ፣ ቤት ተከራይታ ስትኖር ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ በማታ ጀመረች፤ ክፍያውን ከመሥሪያ ቤቷ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበደረች፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ዋስ ሆኑላት። ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ደመወዙ ቆመ፤ ኪራዩ ግን አልቆመም፣ ጭራሽ ጨመረ። አሁን ልጅ ሆና ትተኛበት በነበረው ክፍል፣ ከወንድሟ ልጅ ጋር፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ትተኛለች። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን የምትጽፈው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ዋሶቿ ሲደውሉላት አታነሳም። የመጀመሪያ ዲግሪዋ የወጪ መጋራት ዕዳም ገና ስላላለቀ ኦርጅናሉ እጇ አልገባም፤ ያላት ቴምፖራሪው ነው።

«ለጎረቤት ምን አላችሁ?» አልኳት። ጥያቄው ጅል ቢመስልም እኛ አገር ከዕዳው ቀድሞ የሚመጣው ይኸው ነው።

«እማዬ 'ታምሜ ልታስታምመኝ ነው' ትላቸዋለች።»

እናትየው አልታመሙም።

ከሄደች በኋላ ያልለቀቀኝ «ተመለስኩ» ያለችበት ድምፅ ነው። በእኛ ቋንቋ ለተማሪ «መመለስ» ከባድ ቃል ነው፤ ምክንያቱም እኛ አገር ተማሪነት የሚጀምረው ከወላጅ ቤት በመጥፋት ነበር። በመሄድ አላልኩም፤ በመጥፋት።

አያቴ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። አንድ ሌሊት ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው፣ ለእናታቸው ሳይናገሩ ወደ ዋሸራ ጠፉ። ርቆ መጥፋቱ ዘዴ ነበር፤ ቅርብ የሄደን ልጅ አባት መጥቶ ወደ እርሻው ይመልሰዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለምኑ ሲለምኑ እናታቸው ደጃፍ ደረሱ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» አሉ፣ እናታቸውም ሳያውቋቸው ቁራሽ ሰጧቸው፣ እሳቸውም ሳይናገሩ አለፉ ይባላል። ይህንኑ ታሪክ በኋላ ከሌሎች ሁለት መሪጌቶች በየራሳቸው ስም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የአያቴም የተዋሱት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ተማሪ ሁሉ ይህንን ታሪክ የራሱ ማድረግ መፈለጉ አንድ ነገር ይነግረናል፤ የተማሪ ክብሩ እናቱ ደጃፍ ደርሶ አለመግባቱ ነበር።

አዋቂ ሆኖ መማር ያኔ አያሳፍርም። ከዜማ ቤት ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት መጻሕፍት ቤት ሲዞር ጢሙ የሸበተ ተማሪ ብርቅ አልነበረም። ድጓ የሚማረው መጽሐፉን በገዛ እጁ ብራና ላይ ጽፎ፣ ቤተልሔም ወርዶ ለማስመስከር ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በሠላሳ ዓመቱ ጎጆ ውስጥ፣ እሳት ዳር ቢገኝ «ይህ ሰው መቼ ነው ራሱን የሚችለው?» የሚል የለም፤ ራሱን ችሎ ነዋ የሚለምነው! የኔታም ገንዘብ አይጠይቁትም። ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እርሻቸውን ያርማል፣ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ቀለቡን የሚችለው አገሬው ነው፤ አንዷ ቁራሽ፣ አንዷ ንፍሮ፣ አንዷ ቆሎ። ወጪ መጋራት ማለት እንግዲህ ይህ አልነበረም? ቅጽ የለው፣ ፊርማ የለው። ውሻ ብቻ ነበረው።

የድሮውን ማሞገሴ አይደለም። በየመንገዱ በረሃብ፣ በተስቦ፣ በውሻ ንክሻ የቀረውን ተማሪ የቆጠረው የለም። ከዕዳም ነፃ አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ በዛብህን ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በብፅዓት የሰጡት ልጅ አድርገውታል። ይህን ልብ ወለድ ለዓመታት ሳስተምር በዛብህን የፍቅር ሰው አድርጌ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ግን ዕዳ የወረሰ ተማሪ ነው። ዕዳውን የገቡት ወላጆቹ ናቸው፤ የሚከፈልበት ገንዘብ እሱ ራሱ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ቀለቡን መንግሥት ተረከበ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው በነፃ ይማራል፣ በነፃ ይበላል፣ በነፃ ይተኛል። ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ ለየመሥሪያ ቤቱ የተማረ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ተማሪው ሳይመረቅ ወንበሩ ይጠብቀዋል። ዕዳው ምስጋና ነበር፤ የሚከፈለውም ጃንሆይ ሲመጡ እጅ በመንሳት። ወላጅ ቤት የሚመለሰው ለጥየቃ ነው፤ ሱፍ ለብሶ፣ በመጀመሪያ ደመወዙ ለእናቱ ቀሚስ፣ ለአባቱ ጋቢ ገዝቶ። ይህች የመጀመሪያ ደመወዝ እስከ ዛሬ እንደ ሕግ ቆማለች። ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ምስጋናው ግን ብዙ አልቆየም። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጁ በዓል ላይ ስለ ድሃው ግጥም ተነበበ፤ ገጣሚዎች ተቀጡ፤ ብዙም ሳይቆይ አዳሪነቱ ቀረ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ወላጅ ያለው ወደ ወላጁ ቤት ገባ፣ የሌለው በየሰፈሩ ክፍል ፈለገ። ዶርም ስትለቅ እናትህ ቤት ትገባለህ፤ እናትህ ቤት ደግሞ አድማ አይጠራም። ዶርም የፖለቲካ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በ1957 ዓ.ም. ዕዳው ቅርጽ ያዘ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረና ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ግድ ሆነ። አብዛኛው አስተማሪ ሆነ። እኔ ይህ ሥርዓት ይማርከኛል፤ በጊዜው የነበሩ ብዙ ተማሪዎች ባይወዱትም። አባቴን ደብረ ማርቆስ ላይ እንግሊዝኛ ያስተማራቸው ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ ስሙን ያነሱታል። ብር ተቆጥሮ የተከፈለ ዕዳ እንዲህ በስም ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ስልሳ ሺህ የሚሆን ተማሪና መምህር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረደ። አብዮቱ ቀጥሎ የጠየቀው ክፍያ ደም ነበር። በነዚያ ዓመታት ወላጅ ቤት መመለስ ማለት ጣራ ሥር መደበቅ ነው፤ ለጎረቤት «ልጄ የለም፣ ከወጣ ቆየ» ማለት ያኔ የተለመደ ነው። የተረፈውን ደርግ መደበው። ምደባ! ዛሬ ቃሉ ራሱ አርጅቷል። ስምህ ከነሥራህና ከነቦታህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ኦጋዴን ይሁን ኢሉባቦር አትመርጥም፤ ግን እናትህ ቤት አይደለም።

እኔ ብላቴ ለጦር ሥልጠና ወርዶ መንግሥቱ የተለወጠበት ትውልድ ነኝ። በ1986 ዓ.ም. ስመረቅ ሰሌዳው ባዶ ነበር፤ ምደባ የሚባል ነገር ቀርቷል። ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። እናቴ አልጋዬን አንጥፋ ጠበቀችኝ፤ ጎረቤቱ ደግሞ «መቼ ነው ምደባህ?» እያለ። አባቴ ያለ ዕለቱም ቢሆን አዲስ ዘመን ጋዜጣ እየፈለጉ ያመጡና የሥራ ማስታወቂያዎቹን በቀይ እስኪሪብቶ አስምረውባቸው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ቃል አይናገሩም። ሰባት ወር ሙሉ ከዚያ ቀይ መስመር ጋር ኖርኩ። መንግሥት ከእኔ አንድ ብር አልጠየቀም። ግን ታላቅ እህቴ እኔ እንድማር ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁማ ጠላ ቤት ከፍታ ነበር። ማታ ማታ እንስራ ስታጥብ ድምፁ ይሰማኛል። ማንም ያላስፈረመኝ ዕዳ ነው፤ በወር ስንት በመቶ እንደሚከፈል እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወጣ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርም ጀመር። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፤ ሲቀጠር ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል፤ ለመምህርነት የሰለጠነ በአገልግሎት ያካክሳል። ሐሳቡ አውስትራሊያ በፈረንጆች 1989 የጀመረችው ዓይነት ነው። ያኔ መምህር ነበርኩና ስብሰባ ተጠራን። እጄን አውጥቼ ደገፍኩ። «ልጁን ኮሌጅ አይቶት የማያውቅ ገበሬ ግብር እየከፈለ የከተማ ልጅ ለምን በነፃ ይማራል?» አልኩ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ አስጨበጨበልኝ። ክርክሩን ዛሬም ስህተት ነው አልልም።

ስህተቴ ሌላ ቦታ ነው። 10 በመቶ ሲባል ከምን ላይ እንደሆነ አልጠየቅኩም። የምደባው ሰሌዳ ባዶ ሆኖ የጠበቀኝ ሰው፣ በአባቴ ቀይ መስመር ሰባት ወር የኖርኩ ሰው፣ ለተመራቂ ሁሉ ደመወዝ እንዳለው አድርጌ አጨበጨብኩ፣ አስጨበጨብኩ። በአውስትራሊያው አሠራር ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ሰው እስኪያልፍለት አይከፍልም። እኛ ዘንድ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ከሁለት ወደ አርባ ምናምን ሲበዛ፣ ተመራቂው ኮብልስቶን ሊያነጥፍ ሲሰለፍ፣ የዕዳው ቅጽ ያው ነበር። ይባስ ብሎ ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ቀጣሪ ደግሞ ኦርጅናል ካላመጣህ አይልም።

ያ ቅጽ አንድ የሚገርም ጎን አለው። ተማሪው ከግቢው ምግብና መኝታ ይጠቀም እንደሆነ ይጠይቃል። ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ የሚማር የምግብና የመኝታ ዕዳ አይጻፍበትም። ይህች ልጅ ሌላ ከተማ ስለተመደበች የግቢው ሽሮ በብር ተቆጥሮባታል። የእናቷን ሽሮ የቆጠረው የለም። አሁን የተመለሰችው ወዳልተቆጠረው ነው፤ ምናልባት የሚከብዳትም እሱ ነው። «ምግብ ሲቀርብ እጄ አይዘረጋም፤ የአባዬ ጡረታ እኮ ናት» አለችኝ። ልጅ የወላጅ ጡረታ ነው በሚባልበት አገር የአባትን ጡረታ መብላት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አላስረዳም።

እንዲያው ስታወራኝ ቆይታ የመጣችበትን የተናገረችው ጫማዋን እያሰረች ነው። ወጪ መጋራቱን ባንዴ ከፍላ ኦርጅናሏን ብታወጣ የምትቀጠርበት ቦታ አለ፤ ለዚያ የሚያበድር ማኅበርም ተገኝቷል፤ የጎደለው ዋስ ነው። ዋስ ደግሞ የወር ደመወዝተኛ መሆን አለበት። እኔ ማስተማር ከተውኩ ቆይቷል፤ የጋዜጣ ጸሐፊ ለዋስትና አይበቃም። ዘመድ መሥሪያ ቤት ደውዬ ሁለት ሰው አነጋገርኩ። አንደኛው ሳቀ። ሌላኛው «አስቤ ልንገርህ» አለኝ፤ እስካሁን እያሰበ ነው። ያኔ ያጨበጨቡልኝን ባልደረቦቼን ላስታውስ ሞከርኩ፤ ግማሾቹ ውጭ አገር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ያገኘሁትን የትንሽ ሥራ ወሬ ልነግራት ደወልኩ። እናቷ አነሱ።

«ተኝታለች የኔ ጌታ፤ ሌሊቱን ስትጽፍ ነው ያደረችው። ልቀስቅሳት?»

«አይ፣ ትተኛ» አልኩና ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እርስዎስ፣ ሕመሙ ተሻለዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሷ ከመጣች ወዲህ ደህና ነኝ።»