የመንግሥት ሠራተኞችን የይለፍ ቃል በአንድ ጊዜ ስለመቀየር፦ በሐይቅና በአምባሰል ለሚገኙ ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሐይቅ፣ ወይም የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በውጫሌ አገልግሎት ለማግኘት የቀረበ ሰው «ሲስተም የለም» ሲባል ምክንያቱ ሁልጊዜ የመብራት ወይም የኔትወርክ መቋረጥ አይደለም። ኔትወርኩ እየሠራ የሠራተኛው የይለፍ ቃል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ማብራሪያ የብዙ ሠራተኞች የይለፍ ቃል በአንድ ጊዜ የሚቀየርበትን ምክንያትና አሠራር ይገልጻል።

በኮምፒውተር የሚያዝ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የግብር ወይም የመሬት ይዞታ መዝገብ ሲከፈትና ሲታረም በሠራተኛው የተጠቃሚ ስም ይመዘገባል። የተዛወረ ሠራተኛ መግቢያ ሳይዘጋ ከቆየ፣ ሌላ ሰው በእርሱ ስም ገብቶ የአንድን ገበሬ ይዞታ ሊነካ ይችላል፤ መዝገቡም የሚያሳየው የቀድሞውን ሠራተኛ ስም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀበት ጊዜ በክልሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር በተዘረፈበት ሁሉ በውስጡ የተቀመጠ የይለፍ ቃል እንደተጋለጠ መቆጠር ይኖርበታል። ዓለም አቀፍ የደህንነት መመሪያዎችም ዛሬ የሚመክሩት በየሦስት ወሩ ያለ ምክንያት መቀየርን ሳይሆን የመጋለጥ ምልክት ሲታይ ሳይዘገዩ መቀየርን ነው።

የ300 ሠራተኞችን የይለፍ ቃል አንድ በአንድ ለመቀየር ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ 15 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት የሥራ ቀን ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ አክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚባለው የተጠቃሚዎች ማውጫ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ፓወርሼል የተባለውን የትእዛዝ መሣሪያ ይጠቀማል። ባለሙያው የሠራተኞቹን ዝርዝር በሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ መሣሪያው ዝርዝሩን እያነበበ ለእያንዳንዱ የተለየ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ሠራተኛውም በመጀመሪያ መግቢያው የራሱን እንዲያወጣ ያስገድዳል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል መስጠት ሥራውን ቢያቀልም ጥበቃውን ከንቱ ያደርገዋል። ዝርዝሩ በስም ሳይሆን በሠራተኛ መለያ ቁጥር መመሥረት ይኖርበታል። በወሎ ሰይድና መሐመድ የሚባሉ በርካታ ናቸው፤ ሰይድ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ ይጻፋል።

ችግር የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። መስመር በመሃል ከተቋረጠ ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ ይቀራል፤ ስለሆነም መሣሪያው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ውጤት መዝግቦ ማስቀረት አለበት። ሰው የማይጠቀምባቸው፣ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው መግቢያዎች በስህተት አብረው ከተቀየሩ የደረሰኝ ወይም የመዝገብ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆማል። ከኔትወርክ የራቀ ኮምፒውተር ደግሞ እስኪገናኝ ድረስ የድሮውን ቃል ይቀበላል። የኮምፒውተሩ ባትሪ አርጅቶ ሰዓቱ ከማእከሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተዛባም ትክክለኛው ቃል ጭምር ላይሠራ ይችላል፤ መብራት በሚመላለስበት ቦታ ባለሙያው አስቀድሞ ሰዓቱን ቢያይ ብዙ ድካም ይተርፈዋል።

ጊዜያዊው ቃል በታሸገ ፖስታ፣ በፊርማ ለሠራተኛው ቢሰጥ ይመረጣል። በመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ቡድን ዝርዝሩን መለጠፍ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በር ላይ እንደ መተው ነው። መቀየሩም ተገልጋይ በሚበዛበት ረፋድ ሳይሆን ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢከናወን ወረፋ አይፈጠርም።

የሠራተኞች የይለፍ ቃል መቀየር የተገልጋዩን መዝገብ፣ የከፈለውን ገንዘብም ሆነ የፋይዳ ቁጥሩን አይለውጥም። በዚህ ምክንያት «የእርስዎም መለያ ይታደስ» በማለት ስልክ ደውሎ ወደ ስልክዎ የተላከውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ካለ ቁጥሩን አይስጡ። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የተገልጋዩ የግል መረጃ ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል። በመግቢያ ችግር ምክንያት ጉዳይዎ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ያቀረቡት ሰነድ ዋናው እንዲመለስልዎ ወይም የተቀበሉበት ማስረጃ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ቀጠሮው የተጻፈበትን ቀንና የሠራተኛውን ስም ይዘው ይመለሱ።