የብረቱን ቆብ ገልብጣችሁ እዩት

«ከአድዋ የተማረከ ነው» እያሉ አሮጌ የብረት ቆብ የሚያመጡልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥራዬ አሮጌ ዕቃ መግዛትና መሸጥ ነውና ገና በእጄ ሳልይዘው የአድዋ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ1888 ዓ.ም. የመጣው የጣልያን ወታደር የደፋው በጨርቅ የተለበጠ የቡሽ ቆብ ነበር። ለእግረኛ ጦር የብረት ቆብ በብዛት ማደል የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ የመድፍ ፍንጣሪ ጭንቅላት ሲፈጅ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1915 ቀደሙ።

የአድዋ አይደለም ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በግራና በቀኝ፣ ከኋላም አንድ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ሪቬት ያለው እ.ኤ.አ. የ1933ቱ የጣልያን ሞዴል ነው። ሪቬቶቹ የውስጡን ቆዳ ይይዛሉ፤ አየርም ያስገባሉ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ሌላ ነው፤ እንደ ሳህን ዝርግ የሆነው የእንግሊዞች ቆብ። ከኋላ በኩል ጠርዙ ላይ ሦስት ቀዳዳ ካገኛችሁ የተሠራው ደቡብ አፍሪካ ነው። ቀዳዳዎቹ ማጅራትን ከፀሐይ የሚከልል ጨርቅ ማሰሪያ ናቸው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ የቦረናዋን ሜጋን ከጣልያን ያስለቀቀው የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቆብ ከቦረና ሲመጣልኝ ልቤ ይመታል። ሆኖም ቆቡ ለሌሎች የእንግሊዝ ወታደሮችም ይታደል ስለነበር ቀዳዳው የተሠራበትን አገር እንጂ የለበሰውን ሰው አይነግረንም።

የአሜሪካኑ ኤም-1 ከውስጡ የሚወጣ ሌላ ቀላል ቆብ አለው። የጠርዙ መጋጠሚያ ከፊት ከሆነ ከ1944 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፊት የተሠራ ነው፤ ከኋላ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። ከግንባሩ በላይ በውስጥ በኩል የተመታ ቁጥርም ፈልጉ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የደፋው ይህንኑ ነው። ግን በኋላም የእኛ ጦር ለዓመታት ስለተጠቀመበት ብረቱ ብቻውን የኮሪያ ምስክር አይሆንም። ምስክሩ የቤተሰብ ቃል፣ ፎቶግራፍና ወረቀት ነው።

እባካችሁ፣ የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኖ ብታገኙትም በብረት ብሩሽ አትፈግፍጉት፤ አዲስ ቀለምም አትቀቡት። ቁጥሩና የድሮው ቀለም አብረው ይጠፋሉ። ይልቅ የማን እንደነበረና ከየት እንደተገኘ ዛሬውኑ ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና ከቆቡ ጋር አስቀምጡት።