ድራመሩ ሲመለስ

ዋልያስ ባንድ በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከማህሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ሲሻገር አንድ ነበር፤ ሲመለስ ግን ለሁለት ተከፈለ። የኦርጋኑ ኃይሉ መርጊያ፣ የሳክስፎኑ ሞገስ ሀብቴ፣ የቤዙ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ። የትራምፔቱ ዮሐንስ ተኮላና ድራም መቺው ተማረ ሐረጉ አዲስ አበባ ገብተው በባንዱ ስም እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ መጫወታቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ ጉዞ ሲወራ ወሬው ዘወትር ስለ ቀሩት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተመለሰው ነው። ድራመሩ አገሩ ሲገባ ኦርጋኑ ምን ሆነ?

መልሱ ኃይሉ በ1985 አሜሪካ ባሳተመው ካሴት ላይ ይሰማል። አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ያማሃ ኪቦርዱንና ሙግ ሲንተሳይዘሩን የሚጫወተው ራሱ ኃይሉ ነው፤ ምቱን የሚሰጠው ደግሞ ድራም ማሽን ነው። ብዙዎች ካሴቱን የሚወዱት ለዚሁ ብቸኝነቱ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ዋልያስ በ1977 ካወጣው «ቼ በለው» ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲደመጥ ግን የጎደለው ነገር ራሱን ያጋልጣል። «ቼ» ፈረስ የሚነዳበት ቃል ነው። በዚያ ሸክላ ላይ የተማረ ድራም በእርግጥም ይነዳል፤ ኦርጋኑም ተደላድሎ ይቀመጥበታል፣ ቢዘገይም የሚጠብቀው አለ። በካሴቱ ላይ ግን የሚጠብቅ የለም። ማሽኑ የታዘዘውን ይደግማል፤ ከእሱ ጋር መስማማት ያለባት የኃይሉ እጅ ናት።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ችክችካ የምንለው ምት ስድስት ነው። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት፣ ሁለት ሁለት አድርጎም ለሦስት መክፈል ይቻላል። እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ሁለቱንም ያውቃል። ጥሩ ድራመር በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ መቼ እንደሚሻገርም ሌሎቹን አዳምጦ ይወስናል።

ይህን ለመረዳት የሆቴል ባንድ አያስፈልግም። ከኃይሉ የትውልድ ከተማ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የደሴን መንገድ የያዘ ሰው፣ ጣርማበርን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ካለፈ በኋላ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ከሚሴ ይደርሳል። በዚያ አካባቢ መንዙማ በኦሮምኛም በአማርኛም ይባላል። አውጪው ስንኙን ሲያስረዝም ድቤው ይታገሣል፤ ተቀባዮቹ ሲነሱ ከጭብጨባው ጋር አብሮ ይነሳል። ከድቤ መቺው እጅ ይልቅ ጆሮው ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባቲ ቅኝት ስሟን የሚጋራት ባቲም በዚሁ ዞን ናት። ስለ ቅኝቶቻችን ብዙ ጽፈናል፤ ስለ ምታችን ግን እምብዛም ነን!

ራቅ ያለ ምሳሌ ልጨምር። «ቼ በለው» ላይ ቫይብራፎን የተጫወተው ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሯል። እሱ ከተማረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1985፣ በዚያው ትምህርት ቤት የተገናኙ ሦስት ወጣቶች ድሪም ቲያትር የተባለውን የሜታል ባንድ መሠረቱ። ከሦስቱ አንዱ ድራመሩ ማይክ ፖርትኖይ ነበር። በ2010 ባንዱን ለቀቀ፤ ቦታውን ማይክ ማንጂኒ ያዘ። በ2023 ፖርትኖይ ተመለሰ፤ በ2025ም «ፓራሶምኒያ» የተሰኘው አልበም ወጣ። አድናቂዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የድሮው ድምፅ አብሮት ይመለሳል? በእኔ ግምት ከፊሉ ይመለሳል። ጊታሩና ቤዙ አሥራ ሦስት ዓመት በሌላ ሰው ምት ላይ መደገፍን ተምረዋል፤ ይህ ልማድ የቀድሞ ጓደኛ ስለ ገባ ብቻ ከእጃቸው አይወጣም።

ኃይሉ ዘንድ የሆነውም ለዚህ ቅርብ ነው። በዋሽንግተን የደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ እየተለማመደ ብዙ ዓመት ቆየ። የ1985ቱ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አስታወሰው፤ ወደ መድረክም ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ከኋላው የተቀመጠው ድራመር ተማረ ሳይሆን ቶኒ ባክ የተባለ አውስትራሊያዊ ነበር። ችክችካን ከትከሻ ያልተማረ ሰው ነው፤ ቢሆንም ያዳምጣል። አኮርዲዮኑ «ትዝታ»ን ሲከፍት አይቸኩልም፤ ዜማው ሲጎለብት አብሮ ይከተላል። ኃይሉም በበኩሉ ሁሉንም ቦታ መሙላት ትቷል፤ አንድ ሐረግ ጥሎ ዝም ይላል፣ ድራሙ እስኪመልስለት።

የአልበሙ መጨረሻ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው። እዚህ ድራምም ቤዝም የለም፤ ፒያኖው ብቻውን ነው፣ ማሽንም አልተከፈተም። ግራ እጁ ግን በቀስታ ምቱን ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ሆን ብሎ ያሳልፈዋል።