የራዲያታ ፓይን የፅንስ ሕዋስ
ሳህኑ ላይ እርጥብ ጥጥ መስሎ የሚታየው፣ ገና ካልበሰለ ዘር የወጣ የራዲያታ ፓይን ሕዋስ ነው። ዛፉ የካሊፎርኒያ ዳርቻ ተወላጅ ሲሆን፣ ዛሬ የኒውዚላንድን ሰው ሠራሽ ደን አብዛኛውን ይዟል። ሕዋስን እንዲህ በሳህን የማሳደግ ዘዴ (ቲሹ ካልቸር) ትልቁ ጥቅሙ ችግኝ ማብዛቱ ይመስላል፤ እኔ ግን ማቆየቱ ነው እላለሁ። የፓይን ጥሩነት የሚለየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የዛፉ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ሥር አያወጣም። ሕዋሱ ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ ሳያረጅ ይጠብቃል።

ዘር በዋጋ ይረክሳል ለሚሉ፣ እውነት ነው፤ ግን የወላጁን ትክክለኛ ቅጂ አይሰጥም። ይበልጥ የሚከብደው፣ አንድ ዓይነት ደን በአንድ በሽታ ያልቃል የሚለው ስጋት ነው። መፍትሔው ያለው ተካዩ እጅ ነው፦ ከተለያዩ ዘሮች የወጡ የሕዋስ መስመሮችን ቀላቅሎ መትከል። ይህ ሳህን የያዘው አንዱን መስመር ብቻ ነው።