ከነቃሿ መርፌ እስከ ንቅሳት ቤት ዕቃ

አንገታቸው ላይ ጥቁር መስመር፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ ድዳቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶችና አያቶች በየቤታችን አሉን። ነቃሿም ሴት ነበረች። ሱቅ አልነበራትም። ዕቃዋ በአንድ እጅ የሚያዝ ነበር፦ በክር የታሰሩ መርፌዎች ወይም እሾህ፣ ከኩራዝ ወይም ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸት፣ ጥላሸቱን የምታርስበት የቅጠል ጭማቂ። ወንበሯ ዱካ፣ መብራቷ የበራፍ ፀሐይ ነበር። መርፌዋም ከአንዷ ልጅ ወደ ሌላዋ ይሄድ ነበር።

ዛሬ ከማኅበራችን ተበድረው ንቅሳት ቤት መክፈት የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። የሚያቀርቡልን የዕቃ ዝርዝር ዘወትር የሚጀምረው ከወንበር ነው። ወንበሩ ከየት እንደመጣና ከእሱ በፊት ምን መገዛት እንዳለበት የዕቃው ታሪክ ራሱ ስለሚናገር ይህን ጻፍን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1876 ቶማስ ኤዲሰን በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብዕር የፈጠራ መብት አገኘ። ብዕሩ ወረቀት በመርፌ እየበሳ ጽሑፍ ለማባዛት የታሰበ የቢሮ ዕቃ እንጂ ከሰው ቆዳ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በ1891 ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የንቅሳት ማሽን አስመዘገበ። በዚያን ዘመን በኒው ዮርክ ነቃሾች ከጸጉር ቤት ጀርባ መሥራታቸው የተለመደ ነበር። ከፍ ዝቅ የሚለው፣ ወደ ኋላ የሚተኛው ወንበርም የጸጉር ቤት ዕቃ ነው። ልጆቻችን ውድ ዋጋ የሚጠሩለት ወንበር ከጎረቤት ጸጉር ቤት አሮጌውን ገዝቶ ማሳደስ የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው።

ማሽኑ እጅን አፈጠነ፤ ንጽሕናን ግን አላመጣም። አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ፣ አንድ የቀለም ዕቃ ለሁሉም ደንበኛ ያገለግሉ ነበር። በ1961 የኒው ዮርክ ከተማ ጤና ባለሥልጣናት ሄፓታይተስ ቢን ምክንያት አድርገው ንቅሳትን ከለከሉ። ይህ እኛ የወፍ በሽታ የምንለውን የዓይን ብጫነት ከሚያመጡት አንዱ ነው። እገዳው የተነሣው በ1997 ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው በድብቅ ኖረ። በአገራችንም ኤች አይ ቪ በ1980ዎቹ ከታየ በኋላ ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ትምህርት ሲስፋፋ የነቃሿ መርፌ የሚፈራ ሆነ።

የዕቃው ዋና ታሪክ ያለው እንግዲህ በእንፋሎት ድስቱ ላይ ነው። በ1679 ዴኒ ፓፓን ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የእንፋሎት ድስት ሠራ፤ በኩሽናችን ያለው ፕሬዠር ኩከር የእሱ ዘር ነው። በ1879 ደግሞ የፓስተር ባልደረባ ሻርል ሻምበርላን አውቶክሌቭን ሠራ። ሥራው እንፋሎትን አፍኖ ሙቀቱን ወደ 121 ዲግሪ ማድረስ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። «እኔ በውሃ እቀቅለዋለሁ» የምትል እህት አትጠፋም። ተራ መቀቀል በቆላም ቢሆን ከ100 ዲግሪ አያልፍም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለሽሮ ይበቃል፣ ለመርፌ አይበቃም።

ስለዚህ ብድሩን ስንመረምር ቅደም ተከተሉን ገልብጠን እናያለን። መርፌና የቀለም ስኒ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ የሚያገለግሉ ይሁኑ፤ ክምችቱም ቢያንስ የሦስት ወር ይሁን፣ ሲያልቅ ያገለገለውን አጥቦ መመለስ ፈተና ነውና። የማሽኑ መያዣ ተመልሶ የሚሠራበት ከሆነ አውቶክሌቭ ግዴታ ነው፤ መያዣውም አብሮ የሚጣል ከሆነ ይቆይ። ቧንቧ ያለው መታጠቢያ በዚያው ክፍል ይግባ። ወንበሩም አልጋውም በጨርቅ ሳይሆን በሚወለወል ላስቲክ ይልበሱ፤ ስፌት ውስጥ የገባ ደም አይወጣም። ለነቃሿ ለራሷ ጀርባ ያለው መቀመጫ ያስፈልጋታል፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ነውና የምትውለው። ሶፋ፣ መስታወትና የግድግዳ መብራት ከትርፍ ይገዙ።

ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ዋጋው ትንሽ ነው። ሲሞላ የትኛው ጤና ተቋም ተቀብሎ እንደሚያቃጥለው ግን ብድሩ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይቅረብልን።