አካዳሚክ አድቫይዚንግ፦ «የትምህርት ምክክር»

በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ግቢም ሆነ በሌሎቹ የአገሪቱ ግቢዎች አዲስ ተማሪ ከሬጅስትራር ቀጥሎ የሚለምደው ቃል «አድቫይዘር» ነው። አድቫይዘር ሲባል አድና ድሮፕ ሲሞላ የሚፈርም፣ ውጤት ሲያሽቆለቁል «ምን ሆንክ?» የሚል፣ መመረቂያ ሲደርስ ደግሞ ጽሑፍ የሚያርም መምህር ነው። ፊርማው የታወቀ ነው፤ ከፊርማው ያለፈው ሥራ ግን በአማርኛ ገና ስሙ አልጸናም።

«ምክር» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ችግሩ በአማርኛ መካሪው ትልቅ፣ ተመካሪው ትንሽ መሆኑ ነው፤ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባለው ለሰሚ እንጂ ለተናጋሪ አይደለም። በዚያ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚለውን ስም ካውንስሊንግ ቀድሞ ይዞታል። የሚሻለው «የትምህርት ምክክር» ነው፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ «ምክክር» ሲባል ሁሉም ሰው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽኑን ያስባል፤ ቢሆንም አንድ ተቋም ቃሉን ጠቅልሎ ሊወስደው አይችልም።

ሥራው የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1877 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎቹ መምህር አማካሪዎችን መደበ። በ1972 በርንስ ክሩክስተን የተባለ ምሁር አማካሪዎችን በሁለት ከፈለ፦ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ጽፎ የሚያሰናብትና ተማሪው ስለ ሕይወቱ ራሱ እንዲወስን አብሮት የሚያስብ። የሙያው ማኅበር ናካዳ የተመሠረተው በ1979 ሲሆን፣ ዛሬ ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋልና ትራንስጀንደር ተማሪዎችን በሚመለከት የሚመክሩ አባላት ስብስብ በውስጡ አለ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ተማሪዎች የተለየ ቢሮ የከፈተው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፣ በ1971 ነው።

የእነዚህ ተማሪዎች መጠሪያም በአማርኛ አልረጋም። ሕጉና የሃይማኖት ሰዎች «ግብረ ሰዶም» ይላሉ፤ «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለው ፍርድ ሳይጨምር ነገሩን ይገልጻል። ትራንስጀንደርን «ፆታውን የቀየረ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ምንም ሕክምና ያላደረጉ ብዙዎች ናቸውና። ለጊዜው ባዕድ ቃሉን እንዳለ መውሰድ ይሻላል።

ሚሺጋን ያለው ዓይነት ቢሮ ጉብሬ ላይ ሊከፈት አይችልም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ ዘመቻ ማካሄዱን በይፋ ተናግሯል። ለአማካሪው ግን ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ስሜት ወይም ማንነት በአንቀጹ ውስጥ የለም። መምህርን ጠቋሚ የሚያደርግ ግዴታም አልተጻፈበትም። ዩጋንዳ በ2023 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የመጠቆም ግዴታ ደንግጋ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ያንኑ ድንጋጌ ሻረው።

ታዲያ በወልቂጤ ምን ይሠራል? እንበልና አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስልኩ ዶርም ውስጥ ተከፍቶ መልእክቱ ተነበበበት። ወሬው ቡታጅራ ያሉ ቤተሰቦቹ ዘንድ ደረሰ፤ አባቱ ስልክ ማንሳት ተዉ። ልጁ ክፍል መግባት አቆመ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርሙና ካፌው በወጪ መጋራት ስለሚሸፈን እስከ ሴሚስተሩ ማለቂያ አልጋና ምግብ አለው። ነጥቡ ወርዶ ከተሰናበተ ግን የሚሄድበት ቤት የለውም። ለሌላው ተማሪ «ዲስሚሳል» አንድ ዓመት ማጣት ነው፤ ለእሱ ጣሪያ ማጣት ነው። አብዛኛው መምህር ይህን አያየውም፤ የሚያየው የቀሪ ቁጥሩን ብቻ ነው።

የአማካሪው አቅም እዚህ ላይ ነው። ፈተና ሳይደርስ ዊዝድሮዋል የሞላ ተማሪ በሪአድሚሽን ሊመለስ ይችላል፤ ዝም ብሎ የጠፋው ኤፍ ተሸክሞ ይወጣል። ይህን ልዩነት ብዙ ተማሪ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ዶርም እንዲቀየርለት ለተማሪዎች ዲን ወይም ለፕሮክተሩ «አሁን ያለበት ክፍል ለትምህርቱ አልተመቸውም» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል፤ ዝርዝሩን ማንም ማወቅ የለበትም። ክረምት ሲመጣ የት እንደሚከርም መጠየቅም የምክክሩ አካል ነው። አማካሪው ልጁ ማንን እንደሚወድ አይጠይቅም። ልጁ ራሱ ከነገረው ሰምቶ ይይዛል፤ ፋይል ላይ አይጽፍም፤ በመምህራን ላውንጅም አያነሳም። ይህን ለማድረግ ሃይማኖቱን መተው አይጠበቅበትም። የንስሐ አባት የሰሙትን ይዘው እንደሚቀሩ የማያውቅ አገር አይደለምና ምስጢር መጠበቅ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም።

የቡታጅራ አካባቢ ስለ መደበቅ የሚያስተምረው አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የገጠር ጤና ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ በተደረገው ክትትል ተመራማሪዎቹ ታማሚው ወደ ጤና ተቋም እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ቤት ለቤት እየሄዱ 68,378 ሰዎችን ጠይቀው ታማሚዎቹን ለዩ። የታማሚ ዘመዶችን ሲያነጋግሩም ከሦስቱ አንዱ ያህል ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልግ ነገራቸው። በተመሳሳይ ፆታ መሳብ ሕመም አይደለም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ከሕመሞች ዝርዝር አውጥተውታል። የሚመሳሰለው ድብቅነቱ ነው፦ ሐሜት የሚፈራ ቤተሰብ ልጁን አይልክም፤ ልጁም አይመጣም፤ ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ የአማካሪው ድርሻ ነው። ልጁ ሞትን የሚያነሳ ከሆነ ነገሩ ከምክክር አልፏል፤ በዚያው ቀን ሰው አብሮት ሄዶ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል መድረስ አለበት።

ጉራጌ ነገርን በሸንጎ የመጨረስ የቆየ ልምድ አለው፤ የሰባት ቤት ጉራጌው የጆካ ቅጫ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሕዝብ እየሰማ የሚዳኝ ሥርዓት ነው። ለድንበርና ለደም ካሣ ይህ ግልጽነት ጥቅሙ ነው። የትምህርት ምክክር ግን ሰሚ ሲበዛበት ይበላሻል፤ አንድ ቢሮ ለሦስትና ለአራት መምህራን በሚታደልበት ግቢ ደግሞ ዝግ በር በቀላሉ አይገኝም። ብልሃተኛ አማካሪ የቢሮ ጓደኞቹ ክፍል የሚገቡበትን ሰዓት ፕሮግራማቸው ላይ አይቶ ተማሪውን በዚያ ሰዓት ይቀጥረዋል።